ያገለገለች ባለ 12 ኢንች ላፕቶፕ የሙሉ ቀን የሒሳብ ሥራ ትችላለች?

ሚዛን_ካዛንቺስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለሃርድዌር ባለሙያዎችና ፒችትሪ (የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ ነው። የትናንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ነው የምሠራው፤ ቀን ደንበኛ ቢሮ (ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ፒያሳ)፣ ማታ ቤት። ያለኝ ዴስክቶፕ ነው። እሱን ሸጬ አንድ ትንሽ ላፕቶፕ ብቻ ይዤ መሥራት እፈልጋለሁ። አዲስ መግዛት አቅም አይፈቅድም፣ ባለ 15 ኢንቹ ደግሞ ለታክሲ ግፊያ አይሆንም።

የምጠቀመው፦ ፒችትሪ 2010፣ ብዙ ሺህ ረድፍ ያላቸው የኤክሴል ፋይሎች፣ ግብር ማሳወቂያ በብሮውዘር፣ የአማርኛ ደብዳቤ በወርድ (የድሮዎቹ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው)፣ አልፎ አልፎ ጉግል ሚት። ጌም የለም፣ ቪዲዮ ማቀናበር የለም።

እስካሁን የቀረቡልኝ ሦስት ናቸው፦ ቲንክፓድ ኤክስ250 (5ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ራም፣ 500 ሃርድ ዲስክ)፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 820 ጂ3 (6ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ራም) እና ቲንክፓድ ኤክስ280 (8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ራም)። ሻጮቹ «ሁሉም ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ያው ነው» ይላሉ፤ ዋጋው ግን ያው አይደለም። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሱቅ ውስጥ ቆሜ ምን ምን ልፈትሽ? መብራት ሲሄድስ ስንት ሰዓት ታሠራኛለች?


ቦርድ_ጥገና

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ «ኮር አይ ፋይቭ» ስም ብቻ ነው። እስከ 7ኛ ጀነሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) ድረስ በእነዚህ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ የሚገጠመው አይ5 ባለ ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ነበር፤ 8ኛው ላይ አራት ኮር ሆነ። ስለዚህ በኤክስ250 እና በ820 ጂ3 መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ብዙም አይሰማዎትም። ወደ 8ኛው ሲሻገሩ ግን በግልጽ ያዩታል፤ በተለይ ሚት ከፍተው ኤክሴል እያሳዩ ሲያወሩ።

ዊንዶውስም መስመሩን ያሰመረው እዚያው ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግበው የሚያገኙት የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያልቃል። ኦፊስ 2016 እና 2019ም ድጋፋቸው በዚያው ዕለት ነው ያበቃው። የሰው ሒሳብና የሰው ፓስወርድ የሚቀመጥበት ማሽን ስለሆነ ይህን እንደ ቀላል ነገር አልመለከተውም።

ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሸወደው ራም (ላፕቶፑ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ላይ ነው። ኤክስ250 አንድ የራም ማስገቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ዲዲአር3ኤል የሚባለው ባለ 1.35 ቮልቱ ዓይነት፤ ፋብሪካው ያስቀመጠው ጣሪያም 8 ጂቢ ነው። ባለ 16 አንድ ቁራጭ ሲገጠምለት ይቀበላል፣ ነገር ግን ቁራጩ ገበያ ላይ ብርቅ ነው፤ ሲገኝም ዋጋው ከላፕቶፑ ጋር አይመጣጠንም። ኤክስ260 እና ኤክስ270 እንዲሁ አንድ ማስገቢያ ናቸው፣ ግን ዲዲአር4 ስለሆኑ ባለ 16 በቀላሉ ይገኛል። 820 ጂ3 ሁለት ማስገቢያ አለው። ኤክስ280 ምንም ማስገቢያ የለውም፤ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ባለ 8 ከገዙ ሁልጊዜም 8 ነው። ከ8ኛ ጀነሬሽን ትናንሾች ራም የሚጨመርባቸው ዴል ላቲቲዩድ 7290 (አንድ ማስገቢያ) እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 (ሁለት ማስገቢያ፣ ስክሪኑ 13.3 ኢንች) ናቸው። ሦስቱ ላይ ከመወሰንዎ በፊት እነዚህንም ይጠይቁ።

ሃርድ ዲስክ ላይ ክርክር የለም፤ የሚሽከረከረው ይውጣ። ፒችትሪ የአንዱን ድርጅት ዳታ በብዙ ፋይሎች በትኖ ነው የሚያስቀምጠው። ሪፖርት ሲጠሩ ከዚህም ከዚያም ቁርጥራጭ ያነባል። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ መቶ ገደማ እንዲህ ያለ ንባብ ነው የሚችለው፣ ርካሹ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ዲስክ) እንኳ በአስር ሺዎች። 256 ጂቢ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል። ለኤክስ250 ሲገዙ 2.5 ኢንች ሆኖ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ 9.5 ሚሊ ሜትሩ አይገባም። 8ኛ ጀነሬሽኖቹ ኤም2 2280 የሚባለውን ማስቲካ መሳዩን ነው የሚወስዱት።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ይግቡ፤ ቲንክፓድ ሲነሣ ኤፍ1፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ዴል ኤፍ2 ይጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ትተውት ይውጡ። ሻጩ «ትንሿን ባትሪ ነቅለን እንመልሰዋለን» ይልዎታል፤ በቲንክፓድ የሱፐርቫይዘር ፓስወርዱ የተጻፈው ባትሪ ቢነቀል በማይጠፋ ቺፕ ላይ ነው። ባዮስ ውስጥ ኮምፒውትሬስ ወይም አብሶሉት (ላፕቶፕ ከርቀት መከታተያ) የሚለውን ይፈልጉ፤ «በቋሚነት ነቅቷል» የሚል ከሆነ ማሽኑ አሁንም የቀድሞ ባለቤቱ ቁጥጥር ውስጥ ነው። ከዚያ የስልክዎን ሆትስፖት ከፍተው ዊንዶውሱን ሪሴት ያስደርጉ። የውጭ አገር ድርጅት የሎጊን ገጽ ብቅ ካለ አውቶፓይለት የሚባለው የድርጅት ምዝገባ አልተነሣለትም ማለት ነው፤ ፎርማት ቢደረግ እንኳ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ይመለሳል። ኢንተርኔት ሳያገናኙ ቢሞክሩት ግን ንጹሕ ሆኖ ነው የሚታይዎት።

ባትሪውን በመቶኛው አይመኑ። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው ፓወርሲኤፍጂ በሚባለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት ያውጡ፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚለውን ቁጥር «ዲዛይን ካፓሲቲ» ለሚለው ያካፍሉ። ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ላይ ያስቀንሱ። ማውሱ የሚዳሰስበት ቦታ ወደ ላይ ያበጠ ወይም የታችኛው ክዳን የማይገጥም ከሆነ ባትሪው አብጧል፤ አይግዙት።

ቻርጀሩንም ይፈትሹ፣ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዴል ቻርጀሩን የሚለየው በመሐል ባለችው ቀጭን መርፌ ነው። መርፌዋ ወይም ሽቦዋ ከተበላሸ፣ ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ይበራል፤ ባትሪው ግን ቻርጅ አያደርግም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን እጅግ ይቀንሳል። ቻርጀሩ እንደተሰካ ታስክ ማኔጀር ይክፈቱ። ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸንክሮ ከቀረ «ላፕቶፑ ቀርፋፋ ነው» ብለው አይተዉት፣ ሌላ ቻርጀር ይሞክሩበት።

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።


ሚዛን_ካዛንቺስ

እህት ነኝ 🙂 በጣም አመሰግናለሁ። ቁልፎቹን ወረቀት ላይ ገልብጫቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንድ ደንበኞች ጋ ስሄድ በእነሱ ኔትወርክ ላይ ያለ ፒችትሪ ነው የምከፍተው፣ የእነሱ ፕሪንተር ላይም አትማለሁ።


ሊኑክስ_አራት_ኪሎ

እህቴ፣ ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ከ8ኛ በታች ያለው ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። 6ኛና 7ኛ ጀነሬሽኖችን ዊንዶውስ 11 ስለማይቀበላቸው ቢሮዎች እያወጧቸው ነው፤ ማሽኖቹ ግን ትናንት የሠሩትን ዛሬም ይሠራሉ። 820 ጂ3 ወይም ኤክስ270 ግዢ፣ 16 ራም አድርጊበት፣ ሊኑክስ ሚንት 22 (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሥርዓት) ጫኚበት። የደኅንነት ዝማኔው በፈረንጆቹ እስከ 2029 ድረስ ይመጣል። ኢሜይልሽ፣ ብሮውዘርሽና ሚትሽ ሊኑክሱ ላይ ይሆናሉ።

ፒችትሪ በቀጥታ ሊኑክስ ላይ አይሄድም። ወይን በሚባለው ማስመሰያ አትድከሚ፣ የዳታቤዝ ሞተሩ ያስቸግራል። ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ዊንዶውስ 10 ትጭኛለሽ። መጀመሪያ ባዮስ ገብተሽ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለውን አብሪ፤ ያገለገሉት ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚገኘው፣ ከጠፋ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አይነሣም። ለቨርቹዋሉ 4 ጂቢ ራም፣ 2 ፕሮሰሰርና 60 ጂቢ ዲስክ ስጪው። ፒችትሪው ተጭኖ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ በቨርቹዋልቦክስ ቅንብር ውስጥ የኔትወርክ ገመዱን «ንቀይው»። ድጋፉ ያለቀ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ካላየ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

የድርጅቶቹ ዳታ በቨርቹዋሉ ዲስክ ውስጥ ይቀመጥ። ሊኑክሱ ጋ በሚጋራው ፎልደር ላይ ባክአፕ ብቻ ላኪ፤ ሕያው ዳታ እዚያ ላይ ከከፈትሽ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። ስናፕሾትን (የቨርቹዋሉን የዚያን ጊዜ ሁኔታ የሚይዘውን) እንደ ባክአፕ እንዳትቆጥሪው። ወደ ድሮ ስናፕሾት ስትመለሺ ከዚያ በኋላ የመዘገብሽው ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ እሱ ሶፍትዌር ከመጫን በፊት ብቻ ነው የሚጠቅመው።

16 ራም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሊኑክሱ ራሱ 1 ጂቢ ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ቨርቹዋሉ 4፣ ቀሪው ለብሮውዘር ነው። በ8 ጂቢ ይሠራል፣ ግን ብዙ ታብ ስትከፍቺ ዲስኩ ላይ መገልበጥ ይጀምርና ሁሉም ነገር ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ኤክስ250ን ለዚህ አሠራር አልመክርም።

የአማርኛ መጻፊያ አያሳስብሽ። ኪማን በሊኑክስም አለ፤ ወይም አይባስ (የሊኑክስ መጻፊያ ማስተካከያ) ላይ የአማርኛውን ሴራ አቀማመጥ ጨምሪ። ኤክሴልሽ ማክሮ ካለው ሊብሬኦፊስን አትመኚው፣ ኤክሴሉንም እዚያው ቨርቹዋል ዊንዶውስ ውስጥ ጫኚ።

ስለ ሚትና ዩቲዩብ አንድ ነገር፦ 5ኛና 6ኛ ጀነሬሽን ላይ ያለው ግራፊክስ ቪፒ9 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ሙሉ በሙሉ በራሱ መፍታት አይችልም፤ ይህ የመጣው በ7ኛው ነው። ስለዚህ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ፋኑ ይጮኻል። ሚት ውስጥ የጀርባ ማደብዘዣውን አጥፊ፣ የምትልኪውንም የምታይውንም ቪዲዮ ጥራት ወደ 360 አውርጂ። ለዩቲዩብ ኤች264ፋይ የሚባለው የብሮውዘር ተጨማሪ አሮጌ ማሽን የሚችለውን ዓይነት እንዲልክ ያስገድደዋል።


ቦርድ_ጥገና

@ሊኑክስ_አራት_ኪሎ ቤቷ ተቀምጣ ለምትሠራ ቢሆን ኖሮ አልከራከርህም ነበር። ግን ደንበኛ ኔትወርክ ላይ ያለ ፒችትሪ እከፍታለሁ ብላለች። ያ ማለት የነቀልከውን ገመድ መልሰህ መሰካት፣ ቨርቹዋሉንም ብሪጅድ አድርገህ በሰው ቢሮ ኔትወርክ ውስጥ ማስገባት ነው። ድጋፉ ያለቀው ዊንዶውስ ከሰው ኮምፒውተሮች ጋር አንድ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ፕሪንተሩም በየቢሮው የተለያየ ነው፤ ድራይቨር ፍለጋ ደንበኛ ፊት አይደረግም።

ሩፉስ በሚባለው መሣሪያ ዊንዶውስ 11ን በ6ኛ ጀነሬሽን ላይ መጫን ይቻላል፣ ይሠራልም። ሆኖም ማይክሮሶፍት ዝማኔ ለመላክ ግዴታ የለብኝም ብሏል፤ በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ስሪትም በራሱ አይመጣም፣ በእጅ እንደገና መጫን አለበት። ትርፍ ጊዜ ላለው ሰው ጥሩ ነው። በግብር ሰሞን ላለ ሒሳብ ሠራተኛ ግን አልመክርም።


ሶኬት_ቄራ

ስለ መብራቱ ማንም ስላልመለሰ፦

ስሌቱ ቀላል ነው። የባትሪውን ዋት ሰዓት ላፕቶፑ በሚበላው ዋት አካፍይ። እነዚህ ትናንሽ ላፕቶፖች ስክሪናቸው መካከለኛ ብርሃን ላይ ሆኖ በኤክሴልና በብሮውዘር 6 እስከ 9 ዋት ይበላሉ፤ በሚት 15 እና ከዚያ በላይ። 48 ዋት ሰዓት ያለው ጤነኛ ባትሪ በ8 ዋት 6 ሰዓት ይሰጥሻል። ያው ባትሪ አርጅቶ 60 በመቶ ላይ ከደረሰ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፣ በሚት ደግሞ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከዴስክቶፕ ለመጣ ሰው ይህም ብዙ ነው።

ኤክስ250 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የኋላውን ላፕቶፑን ሳታጠፊ መቀየር ይቻላል። ለዚህ ነው አሁንም ወዳጆች ያሉት።

ፓወር ባንክ ላይ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የስልኩ ባለ 22.5 ዋት ፓወር ባንክ ላፕቶፕ አያነሣም። ዩኤስቢ ሲ ወጥቶለት፣ ፒዲ (ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥ የቻርጅ ዓይነት) ተብሎ፣ 20 ቮልት ላይ ቢያንስ 45 ዋት የሚሰጥ መሆን አለበት፤ ጀርባው ላይ በትንንሽ ጽሑፍ የተዘረዘረውን አንብቢ። 20 ሺህ ሚሊ አምፔር የሚለው በዋት ሰዓት ሲመነዘር 74 ገደማ ነው፤ ከብክነት በኋላ 60 አካባቢ ይደርስሻል። ኤክስ280፣ 7290 እና 830 ጂ5 በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚያደርጉ በቀጥታ ይሰካል። ኤክስ250 አራት ማዕዘን ቢጫ አፍ ስለሆነ ከዩኤስቢ ሲ ወደ እሱ የሚቀይር ገመድ ያስፈልገዋል።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀይ፤ ሲመጣም ወዲያው አትሰኪ፣ ትንሽ ይረጋጋ። ቻርጀሮቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይችላሉ፤ የሚገድላቸው ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ምት ነው። የዋይፋይ ራውተሩ ባለ 12 ቮልት ከሆነ ለእሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትተካ ባትሪ) ግዢለት። ራውተሩ ከጠፋ ላፕቶፑ ብቻውን ቢበራ ግብር ማሳወቂያው አይከፈትም።

ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ቻርጀር ከሆነ የሚቀየረው ከግድግዳ እስከ ሣጥኑ ያለው ገመድ ብቻ ነው። በልል መለወጫ ሶኬት አትጠቀሚ፤ ሲነቃነቅ ይተኩሳል፣ ይቀልጣል።


ሚዛን_ካዛንቺስ

በዝርዝሩ መሠረት ፈትሼ ሁለት ቀርተውኛል። ሁለቱም ባዮሳቸው ክፍት ነው፣ በኢንተርኔት ሪሴት ተደርገው የማንም ድርጅት ስም አልመጣባቸውም።

1ኛ፦ ኤክስ280፣ አይ5 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ራም፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ባትሪው 88 በመቶ፣ በጣም ንጹሕ።
2ኛ፦ 830 ጂ5፣ አይ5 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ራም (አንድ ቁራጭ፣ ሌላው ማስገቢያ ባዶ)፣ 256 ኤስኤስዲ፣ ባትሪው 64 በመቶ፣ ክዳኑ ላይ ጭረት አለ።

ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ልቤ ንጹሑ ላይ ነው፣ ባትሪውም ይሻላል። ደግሞ ፒችትሪዬን ከዴስክቶፑ እንዴት ነው የማሻግረው?


ዴቢት_ክሬዲት

ለላፕቶፑ ምርጫ ባለሙያዎቹ ይመልሱልሽ፤ እኔ ስለ ፒችትሪው።

ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጠሽ አዲሱ ላይ መለጠፍ አይደለም። በየድርጅቱ እየገባሽ ከፋይል ሜኑ ባክአፕ የሚለውን ተጠቀሚ፤ ፒቲቢ የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን የእያንዳንዱን ድርጅት ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሒሳቦች ሚዛን ዝርዝር) አትሚ ወይም በፒዲኤፍ አስቀምጪ። አዲሱ ላይ የሚጫነው ፒችትሪ ያው 2010 መሆን አለበት፤ በአዲስ ስሪት የወጣ ባክአፕ በአሮጌው ላይ አይከፈትም፣ አሮጌውን በአዲስ ከከፈትሽው ደግሞ ተለውጦ ወደ ኋላ አይመለስም። ሪስቶር ስታደርጊ «አዲስ ድርጅት አድርገህ ፍጠር» የሚለውን ምረጪ፤ ያለውን ላይ ጻፍ የሚለውን አትንኪ። ቀጥሎ ትራያል ባላንሱን እንደገና አውጥተሽ ከመጀመሪያው ጋር ሳንቲም ለሳንቲም አመሳክሪ። ፒችትሪ 2010 ለዊንዶውስ 11 የተሠራ አይደለም፤ ስለዚህ ላፕቶፑን በገዛሽ በመጀመሪያው ቀን፣ ዋስትናው ሳይነካ፣ ጫኚውና አንድ ድርጅት ከፍተሽ ሪፖርት አትሚበት። ዴስክቶፑን እስከዚያ አትሽጪ። ቢቻል የአንድ ወር መዝጊያ ሁለቱም ላይ ይለፍ፤ የመሻገሪያ ጊዜውም የግብር ሰሞን አይሁን።

ስክሪኑ ሙሉ ኤችዲ (1920 በ1080) ከሆነ ዊንዶውስ ጽሑፉን በ125 ወይም በ150 በመቶ ያሳድገዋል፤ የድሮ ፕሮግራሞች ያኔ ይደበዝዛሉ። የፒችትሪውን ምልክት በቀኝ ተጫኚ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ የዲፒአይ ቅንብር ውስጥ ገብተሽ «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ምረጪ። ባለ 1366 በ768 ስክሪን ያለው ቢመጣልሽ አትግዢው፤ የኤክሴሉ ሪቦን ተቀንሶ የሚቀርልሽ ረድፍ በጣም ጥቂት ነው።

ማንም ያላነሣው ነገር፦ እነዚህ ትናንሾች በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ የላቸውም! ቫውቸር ስትመዘግቢ ከላይ ባለው የቁጥር ረድፍ መጻፍ እጅሽን ይገድለዋል። ለብቻው የሚሸጥ የዩኤስቢ ቁጥር ሰሌዳ አለ፣ ከቦርሳ ጋር ይሄዳል። ቤት ደግሞ ያገለገለ 22 ወይም 24 ኢንች ሞኒተር፣ ሙሉ ኪቦርድና ማውስ። ሁለቱም ላፕቶፖች ኤችዲኤምአይ አላቸው፤ በአንዱ ስክሪን ባንክ ስቴትመንቱ፣ በሌላው ፒችትሪው። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጊው፣ ለአንገትሽ ነው።

የፓወር ግዕዝ ደብዳቤዎችሽን በተመለከተ፣ የድሮዎቹ በራሱ ፎንት የተጻፉ እንጂ በዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል ሥርዓት) አይደሉም። ፎንቶቹ ሳይጫኑ ከከፈትሽ ሁሉም ምልክት ሆኖ ይመጣል። ከዴስክቶፑ የፎንት ፎልደር ውስጥ ገልብጪያቸው። አዲስ የምትጽፊውን ግን በዩኒኮድ ጻፊ፤ ኢሜይል ላይም ሳይበላሽ ይለጠፋል።


ቦርድ_ጥገና

830 ጂ5ን ይውሰዱ። ባትሪ ይቀየራል፣ ጭረት ሥራ አይከለክልም፤ የኤክስ280 ራም ግን አይቀየርም። ዊንዶውስ 11፣ ፒችትሪ፣ ኤክሴል፣ ብሮውዘርና ሚት አንድ ላይ ሲከፈቱ 8 ጂቢ ዛሬውኑ ይሞላል። ኤክስ280ው 16 ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። እሱም ቢሆን ቻርጅ የሚያደርገው በዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው፤ የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች የተንደርቦልት ፈርምዌራቸው (ወደቡን የሚያሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም) ካልታደሰ ወደቡ ሊሞት ይችላል፣ ወደቡ ከሞተ ደግሞ ቦርድ መንካት ነው።

ከገዙ በኋላ አንድ ባለ 8 ጂቢ ዲዲአር4 2400 የላፕቶፕ ራም ይጨምሩ። ሁለት ቁራጭ ሲሆን ከመጠኑ ሌላ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ግራፊክሱም ይፈጥናል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ገመድ ከቦርዱ ይነቀል። ራሙ አዘንብሎ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ ጎን ቀጭ ይላሉ፤ ቀጭ ካላሉ አልገባም። ሜምቴስት86 (የራም መፈተሻ) በፍላሽ አስነሥተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ያስሂዱ። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ራሙን ይመልሱ፤ የተሳሳተ ራም ወዲያው ማሽኑን አያቆምም፣ ቀስ ብሎ ፋይል ነው የሚያበላሸው።

ክዳኑ ክፍት ሳለ የፋኑን አቧራ ያስጠርጉ። ፋኑን በጣት ይዘው እንጂ በነፋስ ኃይል አያሽከርክሩት። የሙቀት ፔስቱ ደርቆ ከሆነ ይቀየር፣ የምስር ፍሬ የምታህል በቂ ነው። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የግንባታው አቧራ ሲጨመርበት የፋኑ መተንፈሻ ይዘጋል። በዓመት አንዴ ይከፈት።

ኤስኤስዲውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይዩት። የጤና መቶኛውን ብቻ ሳይሆን የሠራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን ያንብቡ፤ «አዲስ ነው» ያለዎት ሻጭ እዚያ ላይ ይያዛል። ዊንዶውሱ ፕሮ ከሆነ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈውን) ያብሩና የመክፈቻ ቁጥሩን ከላፕቶፑ ውጭ ያስቀምጡ፤ ታክሲ ውስጥ ቢቀር የሚጠፋው ዕቃው ብቻ ይሁን። ባትሪውን ሲቀይሩ ኤስኤስ03ኤክስኤል የሚለውን ይጠይቁ፤ ከተቀየረ በኋላ ያንኑ የባትሪ ሪፖርት እንደገና ያውጡ፣ ዲዛይኑ 50 ዋት ሰዓት አካባቢ ካላለ ሌላ ነገር ነው የገጠሙልዎት።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ስለ ደረሰኝ አልነግርዎትም፣ ግን የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥርና የዋስትናው ቀን እላዩ ላይ ይጻፍበት።

አንድ ነገር ቀረ። ከ830 ጂ5 አንዳንዶቹ ሹር ቪው የሚባል ሌላ ሰው እንዳያይ የሚከልል ስክሪን አላቸው። ከመክፈልዎ በፊት ኤፍ2 ቁልፉ ላይ የስክሪን ምልክት ካለ ይጫኑትና ከጎን ሆነው ይዩት። ታክሲ ውስጥ ይጠቅምዎታል፤ ሲጠፋም ግን ከጎን ሲታይ ከሌሎቹ ስክሪኖች ይልቅ ደብዘዝ ይላል፣ አጠገብዎ ተቀምጦ ሪፖርት የሚያይ ደንበኛም በደንብ አይታየውም። የርስዎ ሥራ ብዙው ደንበኛ አጠገብ ስለሆነ ተራው ስክሪን ያለውን ይምረጡ።